በድሬ የግል ትምህርት ቤት፦ ለኬጂው 5 ኮከብ፣ ለ7ኛ ክፍሉ 2

የምዝገባ ወሬ ስለተጀመረ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። «ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የልጆችሽ ትምህርት ቤት እንዴት ነው? ይሻላል?» ነው ጥያቄው። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ልጃችሁ ኬጂ ከሆነ ወይም እስከ 4ኛ ክፍል ከሆነ አስገቡ፣ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ አይቀርም። 5ኛና 6ኛ እንደየመምህሩ ነው። ከ7ኛ በላይ ከሆነ ግን ያንን ብር ይዛችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። በጥቅሉ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፣ ሦስቱንም ያመጣለት ኬጂው ነው።

ስሙን አልጠራም። ልጆቼ ገና እዚያው ናቸው፣ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዩኒት ሊደሯ ድረስ ሁሉንም ነው የማገኛቸው። አቦ፣ ሰላም ይሻላል። ደግሞ ከምጽፈው ውስጥ ብዙው ለሌሎቹም የከተማችን ትምህርት ቤቶች ይሠራል፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የምሰማው ተመሳሳይ ነው።

ከኬጂው ልጀምር፣ ምክንያቱም እውነትም ጎበዞች ናቸው። ትንሿ ልጄ የገባችው ፊደል ከእነ አካቴው ሳታውቅ ነው። ኬጂ 3 ስትጨርስ የሱቅ ታፔላ እያነበበች ባጃጅ ውስጥ ታስቸግረን ነበር። መምህሯ ልጆቹን በስማቸው ብቻ ሳይሆን በጠባያቸው ታውቃቸዋለች፤ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ምሳውን ለጓደኛው ሰጥቶ ባዶ ሆዱን እንደሚውል፣ የማን እናት አራስ እንደሆነች። የመገናኛ ደብተር ላይ የምትጽፈው «ጥሩ ነች፣ ይቀጥሉበት» አይነት አይደለም። «ዛሬ ሸ እና ሰ ተምታቶባታል፣ ማታ አብራችሁ ጻፉ» ትላለች። ረዳት መምህርት አለች። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። የኬጂ ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ይሄ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ተአምር አይደለም። በአገራችን ከተሞች ኬጂ ለረጅም ጊዜ የግሎች ሥራ ሆኖ ነው የቆየው። መንግሥት «ኦ ክላስ» የሚባለውን፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን የአንድ ዓመት ትምህርት፣ በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ የከፈተው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ የግሎቹ ልምድ፣ መምህራቸው፣ መጫወቻቸው ሁሉ ያለው ታች ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ይሳሳል። ተማሪውም እንደዚያው ነው፤ ኬጂ ሦስት ክፍል ሞልቶ የነበረው ልጅ 8ኛ ሲደርስ አንድ ክፍል ይሆናል፣ የቀረው መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቷል።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ስለዚህ ነገር ባማረርኩ ቁጥር አንድ መልስ ነው ያላት። «ካልተመቸሽ አታስወጪያቸውም እንዴ?» እሷ አያት አካባቢ ነው የምትኖረው። በእግር በሚደረስበት ርቀት የምታማርጠው የግል ትምህርት ቤት አላት። አንዱ ክፍያ ሲጨምር ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ባትሄድም እሄዳለሁ ብላ ማስፈራራት ትችላለች፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ሳቢያን ላይ ሆኜ ለ7ኛ ክፍል ልጅ የሚሆን፣ የምችለው ክፍያ ያለው፣ ሰርቪሱ በቤቴ የሚያልፍ ብዬ ስፈልግ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው የሚቀረኝ። እዚያ ወላጅ ትምህርት ቤት ይመርጣል፣ እዚህ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ይመርጣል። ለእኔ የዚህ ግምገማ ዋና ነጥብ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የትምህርት ስታትስቲክስ መጽሔት አለ፣ የተማሪ ቁጥር በየክልሉ፣ መንግሥታዊና መንግሥታዊ ያልሆነ ተብሎ ተከፍሎ ይቀመጥበታል። ሥራ የፈታ ሰው ይየው፣ ደስ ይላል። መንግሥታዊ ባልሆነ ትምህርት ቤት በሚማረው ተማሪ ድርሻ አዲስ አበባ ብቻዋን ከላይ ናት፣ ማንም አይደርስባትም። ድሬዳዋና ሐረሪ ከእሷ በጣም ይርቃሉ፣ ግን ከትልልቆቹ ክልሎች ይሻላሉ። አፋርና ሶማሌ ታች ናቸው። ይሄንን አይቶ «ድሬ ሁለተኛ ነን!» ብሎ የሚፎክር ሰው አጋጥሞኛል። ቀስ በል። ኦሮሚያ ውስጥ እኮ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ጅማ አሉ፣ እዚያም የግል ትምህርት ቤት አለ። ግን የገጠሩ ተማሪ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለሆነ የግሉ ተማሪ በመቶኛ ሲሰላ ይዋጣል። እኛን ከፍ ያደረገን ከተማ መሆናችን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ሰው ነበራት፣ ከዚያ ውስጥ 233,224ቱ ከተማ ነዋሪ ነው። ሐረሪ 183,415 ነበረች፣ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ከተሜ ነው። ያኔ በአገር ደረጃ ከተሜው ከ100 ሰው 16 ነበር። ቁጥሩ አርጅቷል፣ ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ነው እሱን የምንጠቅሰው።

እኛው ውስጥ ራሱ ደግሞ ልዩነቱ ሌላ ነው። ከተማው ውስጥ ከዚራና ሳቢያን ያለ ወላጅ የትኛው የግል ትምህርት ቤት ይሻላል ብሎ ያወራል፤ ገጠሩ ላይ ዋሂል ወይም ቢዮ አዋሌ ያለ አርሶ አደር ግን ልጁ መንግሥት ትምህርት ቤት ከደረሰለት፣ መምህሩም ከመጣለት እሰየው ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው «የድሬዳዋ አማካይ» የሚባለው። የማንኛችንንም ኑሮ አያሳይም።

«መንግሥታዊ ያልሆነ» የሚለው ውስጥም ነጋዴ የከፈተው ብቻ አይደለም ያለው። የሚሲዮን አለ፣ የመስጊድና የቤተክርስቲያን አለ፣ ማኅበረሰቡ አዋጥቶ ያቋቋመው አለ። በእኛ በኩል ይሄ ቀልድ አይደለም። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የወለዳት ከተማ ናት፣ የውጭ ሰውም ቄሱም መምህሩም አብሮ መጣ። ሐረርማ ከዚያ በፊት ሚሲዮን የነበረባት ናት፣ ራስ ተፈሪ በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩት እዚያ ከካቶሊክ ሚሲዮኖች ነው። ከዚያ ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፣ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ባለሀብቱ እንደገና ገባበት። ዛሬ በከተማችን ወላጅ በጣም የሚሻማባቸው አሮጌዎቹ ናቸው። ትልቅ ግቢ፣ ዛፍ፣ ሜዳ፣ ቤተ መጻሕፍት ያላቸው እነሱ ናቸው። አዲሶቹ እንደ እኛው ትምህርት ቤት የመኖሪያ ቪላ ተከራይተው ሳሎኑን 2ኛ ክፍል፣ ጋራዡን ቤተ ሙከራ ያደረጉ ናቸው። አሮጌዎቹ ግን ቦታ የላቸውም። ወንድም ወይም እህት እዚያ ከሌለ፣ ከኬጂ ካልተጀመረ፣ እርሱት።

የቋንቋም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያነሳውም። የድሬ መንግሥት ትምህርት ቤቶች በታችኛው ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ያስተምራሉ። የእኛው የሚያስተምረው በአማርኛ ነው፣ በላዩ እንግሊዝኛ በብዛት። ጎረቤቴ ልጇ በኦሮምኛ አንብቦ እንዲያድግ ስለምትፈልግ ብሩ እያላት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው ያስገባችው። ታዲያ ይቺ ሴት በቁጥሩ ላይ «የግል መክፈል ያልቻለች» ሆና ነው የምትታየው።

አሁን ወደ ብሩ። ክፍያውን በቁጥር አልጽፍም፣ በየዓመቱ ስለሚለወጥ የዛሬው ነገ ያሳስታችኋል። ከእህቴ ልጆች ክፍያ ያንሳል፣ ያ እውነት ነው። ግን የድሬ ገቢና የአዲስ አበባ ገቢም አንድ አይደለም። ወርሃዊውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የመመዝገቢያ አለ፣ የመጽሐፍ አለ፣ የደብተር አለ (እዚያው ካልገዛችሁ አይቀበሉም፣ አርማቸው ስላለበት)፣ ዩኒፎርሙ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ብቻ ነው፣ ስፖርት ልብሱ ደግሞ ሌላ ቦታ። ሰርቪሱ ብቻውን የክፍያውን ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ሰርቪሱ ሲቀር ባጃጅ በኮንትራት ታስይዛላችሁ፣ ባለባጃጁ ልጆቹን እንዴት እንደሚጭናቸው ደግሞ ባታዩ ይሻላል። ክፍያ በቴሌብር መሆኑ ግን ተመችቶኛል። ድሮ ደረሰኝ ይዘን ፀሐይ ላይ የቆምነው ይበቃል።

ያለፈው የጭማሪ ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ተነስተው ስለ ዶላር ጀመሩ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ሄዷል፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ታይዋን ገበያ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «አንተ፣ እኔ ዕቃዬን ከውጭ አመጣለሁ፣ ዶላር ሲጨምር ይገባኛል። ቾክ ከዱባይ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ። (ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይበዛም፣ ባለቤትም ቢሆን አንተ ነው።) አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጭማሪው ግን አለፈ። ምን ይደረጋል፣ የት እንሄዳለን? ያ ስብሰባ አያት ቢሆን ግማሹ ወላጅ በማግስቱ መልቀቂያ ይጠይቅ ነበር፣ ባለቤቱም ያንን አውቀው ትንሽ ይቀንሱ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ግን የቤት ኪራዩም የመምህራን ደመወዝም ጨምሯል፣ ያ ሐሰት አይደለም። እኔን ያናደደኝ ጭማሪው ሳይሆን ምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳን አለመሰጠቱ ነው።

ሙቀቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከድሬ ውጭ ያለ ሰው የማይገባው ነገር ነው። ሐረር ያለች የአጎቴ ልጅ የምትከፍለው ከእኔ ጋር ብዙም አይራራቅም፣ ግን ልጇ ሹራብ ለብሶ ነው ጠዋት የሚሄደው፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ አየሩ ራሱ ሌላ አገር ነው። እኛ ጋ ግንቦት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 40 ልጅ ተቀምጦ ክፍልፋይ ይማራል። የትኛው ክፍልፋይ ነው የሚገባው? ትምህርት ቤቱ ሲያስመዘግበን «በየክፍሉ ቬንትሌተር አለ» ብሎ ነበር፣ አለ፣ ውሸት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን ቬንትሌተር ጌጥ ነው። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ለቢሮውና ለኮምፒውተር ክፍሉ ነው። የኬጂ ክፍሎቹ ዛፉ ሥር ያለውን ጎን ስለያዙ ይሻላሉ፣ 7ኛና 8ኛ ያሉት ግን ፎቁ ላይ ሙሉ ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ክፍል ውስጥ ነው። ኮርኒስ የለውም። ልጄ እስክሪብቶው ቀልጦ ቦርሳው ውስጥ ፈሶ አንድ ሸሚዝ አበላሽቶብኛል። ውሃ በቂ ነው፣ ቀዝቃዛ ግን አይደለም፣ ከቤት በፍሪጅ በረዶ የሆነ የላስቲክ ውሃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስደዱ፣ እስከ እረፍት ይቀልጣል።

ትምህርቱን ማለዳ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከምሳ በፊት መጨረስ ይቻላል፣ የከተማዋ ልማድም ጠዋት ሠርቶ ቀትር ላይ ማረፍ ነው። ወላጆች ጠይቀናል። «ሙሉ ቀን ነው የተዋዋልነው፣ ግማሽ ቀን ካደረግን ክፍያው ለምን ሙሉ ሆነ ትላላችሁ» ነው መልሱ። ወላሂ አንልም! አንድ ወረቀት አምጡና ሁላችንም እንፈርም።

አሁን ከ7ኛ በላይ ያለው ለምን 2 ኮከብ እንደሆነ። መምህር አይቆይም። ሒሳብ በመስከረም አንድ፣ በታኅሣሥ ሌላ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሮ ደክሞ የሚመጣ ሌላ። ጎበዝ ሲሆን የተሻለ የሚከፍል ይወስደዋል፣ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል። ቤተ ሙከራው ቅድም ያልኩት ጋራዥ ነው፤ ማይክሮስኮፕ አለ፣ ልጄ ግን ዓይኑን አስጠግቶ አያውቅም፣ ለእንግዳ ነው። ውጤት ግን ይታደላል! የልጄ ክፍል ውስጥ ከ90 በታች አማካይ ያለው ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ ሪፖርት ካርዱን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ትምህርት ቤቱም ለሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ያገኛል።

ያ ውጤት እውነት መሆኑ የሚታየው ከውጭ በሚመጣ ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። የወደቀው መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፣ ከፍለው የተማሩም አሉበት። ዶርም ገብቶ፣ ስልክ ተቀምቶ፣ ከማያውቀው ፈታኝ ፊት ሲቀመጥ ያ 95 የት ሄደ? እኔ ሁለት ጊዜ 95 ከማይ አንድ ጊዜ እውነተኛ 70 ብሰማ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ትልቁ ልጄ 9ኛ ሲገባ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስገባው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ብዙ ዓመት የቆየ፣ የፊዚክስ ዲግሪ ያለው፣ ደመወዙን ከባለቤት የማይለምን መምህር አለ። የሚተርፈውን ብር ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማስጠኛ አውለዋለሁ። ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማም፣ «ሰው ምን ይላል» እያለ ነው፣ ይለመዳል። ትንሿ እዚያው ትቀጥላለች፣ ለእሷ ዋጋውን ያወጣል።

ልታስመዘግቡ የምትሄዱ ሰዎች፣ ቢሮ ገብታችሁ ብሮሹር አትቀበሉ። የኢንስፔክሽን ደረጃችሁ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፣ 3 ማለት መስፈርቱን አሟልቷል፣ 2 ማለት ገና ነው። ፊታቸው ሲቀየር መልሱን ታገኛላችሁ። ልጃችሁ የሚገባበት ክፍል መምህር እዚህ ስንት ዓመት ቆየ በሉ። የምትጎበኙት ደግሞ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት አይሁን፣ ያኔ ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ውስጥ ትንሽ ተቀመጡ።

ዩኒፎርሙን ከነሐሴ አጋማሽ በፊት አሰፉ። መስከረም ላይ ልብስ ሰፊው ስልክ አያነሳም፣ ሸሚዙን ደግሞ አንድ ቁጥር አስጨምሩ፣ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።